ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ከማደንዘዣው ባልነቃስ?»

ጥያቄ

ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ41 ዓመት ሴት ነኝ፣ የሦስት ልጆች እናት። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 118 ኪሎ፣ የደም ግፊትም አለብኝ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ስሊቭ ለሚሉት የጨጓራ ማሳነሻ ኦፕሬሽን ቀጠሮ ይዘውልኛል። ቢላውን አልፈራም፤ የምፈራው ማደንዘዣውን ነው። አገር ቤት አንዲት ዘመዴ ለወሊድ ገብታ በዚያው አልነቃችም። ወፍራም ሰው ላይ ማደንዘዣው ስብ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል ሲሉም ሰምቻለሁ። መሃል ላይ ብነቃስ? ተኝቼ የማይወራ ነገር ብቀባጥርስ? በሐሳብ እንቅልፍ ሲጠፋ ጓደኛዬ የሰጠችኝን የእንቅልፍ ኪኒን መዋጥ ጀምሬያለሁ። ባለቤቴ «እንዲህ እያንኮራፋሽ እንቅልፍ አጣሁ ትያለሽ» እያለ ይስቅብኛል፤ እሱ ሳሎን መተኛት ከጀመረ ቆይቷል። አንዳንዴ ትንፋሽሽ ጥፍት ይላል ይለኛል። ለእንቅልፍ ምርመራ የሰጡኝን ሳጥን፣ ውጤቱ ቀጠሮዬን ያራዝምብኛል ብዬ እስካሁን አልከፈትኩትም። የማቅጠኛ መርፌም ከሰው ገዝቼ በየሳምንቱ እወጋለሁ። ሐኪም ቤት የምታስተረጉምልኝ ልጄ ስለሆነች ይህንን አልተናገርኩም። ለውበት ብዬ ልጆቼን ያለ እናት ላስቀር ነው? ማተቤንስ ይበጥሱብኛል?

መልስ

እህቴ፣ ስለ ማደንዘዣ ብዙ ጠይቀዋል፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን «ለውበት ብዬ» ያሏት ቃል ትመስለኛለች። ከእሷ ልጀምር። 118 ኪሎ በዚህ ቁመት፣ የደም ግፊት፣ ሌሊት ጥፍት የሚል ትንፋሽ፤ ይህ የቀሚስ ልክ ጉዳይ አይደለም፣ በሽታ ነው። ሊታከሙ ነው የሚገቡት። ልጆችዎን የሚበድሉ ሳይሆን አብረዋቸው መቆየት የሚፈልጉ እናት ነዎት፤ «ለውበት ብላ ነው» ብሎ ማንም ቢያወራብዎት አይስሙት።

ቁጥሩንም ልንገርዎት። ልምድ ባላቸው ማዕከላት በዚህ ኦፕሬሽን በ30 ቀን ውስጥ ሕይወቱ የሚያልፈው ከ1,000 ሰው አንድ ገደማ ነው፤ ብዙ ሰው ሳይጨነቅ ከሚገባበት ከሐሞት ከረጢት ኦፕሬሽን ብዙ አይርቅም። እሱም ቢሆን የደም መርጋቱን፣ የስፌት መፍሰሱን፣ የልቡን ችግር ሁሉ ደምሮ ነው። የማደንዘዣው ድርሻ ትንሿ ናት።

ዘመድዎን ነፍሷን ይማር። ያላየኋትን ታካሚ ጉዳይ መፍረድ አልችልም። ነገር ግን ለወሊድ በድንገት የምትገባ ሴት ብዙ ጊዜ ሆዷ ባዶ አይደለም፣ ደም እየፈሰሳት ሊሆን ይችላል፣ ሐኪሙም ታሪኳን የሚጠይቅበት ጊዜ የለውም። እርስዎ አምስት ሳምንት አለዎት። ሁለቱን አያመሳስሉ።

ስብ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል የሚባለውን እኔም ስሰማው ኖሬያለሁ። መድኃኒቱ ሁሉ በሚዛን ኪሎ ተባዝቶ አይሰጥም፤ ገሚሱ የሚሰላው ያለ ስብ በሚኖርዎት ክብደት ነው። ስብ የሚደርሰው ደም ጥቂት ነው፣ የዛሬዎቹ ጋዞችም እንደተዘጉ በትንፋሽ ይወጣሉ። አብዛኛው ሰው ዓይኑን የሚገልጠው ገና እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ «መቼ ነው የምትጀምሩት?» ብሎ የሚጠይቀውም ብዙ ነው።

መሃል ላይ መንቃት አለ፣ የለም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪታንያና በአየርላንድ የወጣ ትልቅ ጥናት ከ19,000 ሙሉ ማደንዘዣ አንድ ገደማ ብሎታል። ውፍረት ዕድሉን ከፍ እንደሚያደርገውም ያው ጥናት ስላመለከተ ፍርሃትዎን ለማደንዘዣ ሐኪሙ በቃል ይንገሩት። መቀባጠሩን ግን ይርሱት፤ ጉሮሮው ውስጥ የትንፋሽ ቱቦ የገባ ሰው አያወራም። ሲነቁ አንድ ሁለት ቃል ቢያመልጥዎትም ነርሷ ምናልባትም አማርኛ አትሰማም።

አሁን ወዳልጠየቁኝ ነገር ልምጣ። ባለቤትዎ የሚስቅበት ማንኮራፋት ከደብዳቤዎ ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። እኛ ዘንድ ማንኮራፋት የጥጋብና የሰላም እንቅልፍ ምልክት ነው፤ «ምን ጨነቀው፣ እያንኮራፋ ተኝቷል» እንላለን። ተሳስተናል። ማንኮራፋት ጠባብ መንገድ ላይ የሚታገል አየር ድምፅ ነው። ድምፁ ድንገት ጸጥ ሲል መንገዱ ጭራሽ ተዘግቷል ማለት ነው፤ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ደረት ይስባል፣ አየር ግን አይገባም። ከዚያ አእምሮ ይደነግጥና ያባንንዎታል፣ በማቃሰት ይተነፍሳሉ፣ መልሰው ይተኛሉ፣ ጠዋት አያስታውሱትም። ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚደርስበት ሰው አለ። ሌት ሌት የሚያተርፍዎት ያ ድንጋጤ ነው። የእንቅልፍ ኪኒንና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ደግሞ በትክክል እሱን ድንጋጤ ያደነዝዙታል።

ስለዚህ ፍርሃትዎ እውነት ነው፣ ሰዓቱን ነው የሳተው። ኦፕሬሽኑ ላይ ሳሉ ከማንኛውም ሌሊትዎ የተሻለ ይጠበቃሉ። ሳይተኙ በፊት ትከሻና ራስዎን ከፍ አድርገው ለጥቂት ደቂቃ ንጹሕ ኦክስጅን ያስተነፍሱዎታል፤ ወፍራም ሰው ትንፋሹ ሲቆም ኦክስጅኑ ቶሎ ስለሚያልቅ ነው። ከዚያ የትንፋሽ መንገድዎን ቱቦው ይይዘዋል፣ ጣትዎ ላይ ያለው መቆንጠጫ ኦክስጅንዎን ይለካል፣ ሌላ መሣሪያ ደግሞ እያንዳንዷን ትንፋሽ ይቆጥራል፣ ለዚህ ብቻ የተመደበ ባለሙያም ክፍሉን ለቆ አይወጣም። እኔን የሚያሳስበኝ ቱቦው ከወጣ በኋላ ያለው ነው፤ የመንቂያ ክፍሉ፣ ከዚያም ቤትዎ ገብተው የሕመም ማስታገሻ ውጠው በጀርባዎ የሚተኙባቸው የመጀመሪያ ሌሊቶች። ባለቤትዎ ሳሎን፣ እርስዎ መኝታ ቤት።

ይህን በእንቅልፍ የሚመጣ የትንፋሽ መቆራረጥ ለመጠርጠር የማደንዘዣ ሐኪሞች ስምንት ጥያቄ አሏቸው። በተዘጋ በር የሚሰማ ማንኮራፋት አለ? ቀን ቀን ድካምና እንቅልፍ ያዳፋዎታል? ትንፋሽዎ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ? የደም ግፊት አለ? ክብደት ከቁመት ጋር ሲሰላ (ቢኤምአይ የሚሉት) ከ35 ይበልጣል? (የእርስዎ 45 ነው።) ዕድሜ ከ50 በላይ ነው? አንገት ከ40 ሴንቲሜትር ይወፍራል? ወንድ ነዎት? ቁጭ ብዬ ብቆጥር እርስዎ ገና ከደብዳቤዎ ብቻ አራቱን አሟልተዋል። ሜትር ያውጡና አንገትዎን ይለኩ፣ የቀኑንም ድካም ራስዎ ይመልሱ። አምስት ከሞላ ከባድ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ በጽኑ ይጠረጠራል።

የእንቅልፍ ምርመራው ሳጥን እኮ ቤትዎ ውስጥ አለ! የጣት መቆንጠጫ፣ አፍንጫ ሥር የምትደረግ ቀጭን ቱቦ፣ የደረት መቀነት፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሌሊት ነው። አልነቃም ብለው ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳሉ፣ መልሱ ያለበትን ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ይደብቃሉ። ቀጠሮው ቢራዘም ይራዘም። ውጤቱ ሳይኖር ቢሄዱ ደግሞ የማደንዘዣ ሐኪሙ በዕለቱ ጠዋት ሊሰርዘው ይችላል። ችግሩ ከተገኘ ሲፓፕ የሚባለውን አየር የሚነፋ ጭንብል ያዙልዎታል፤ ከኦፕሬሽኑ በፊት ይለማመዱበታል፣ በዕለቱ ይዘውት ይሄዳሉ፣ ቤት ሲመለሱም ያደርጉታል። ሲያደርጉት እንደ ጦር አውሮፕላን አብራሪ ያስመስላል፤ ባለቤትዎ ይሳቅ፣ ግን ወደ አልጋው ይመለስ። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ከንፈርዎ ከጠቆረ ወይም ሲቀሰቅስዎት አልነሳ ካሉ ሳይጠብቅ 911 መደወል አለበት። ይህቺን መስመር ያንብቡለት።

የጓደኛዎን ኪኒን በተመለከተ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተቆጥቻለሁ። ለእሷ የታዘዘ ለእርስዎ አልታዘዘም፤ ትንፋሹ ለሚቋረጥ ሰው ደግሞ ጭራሽ። ለሳምንታት በየሌሊቱ ውጠው ከሆነ በአንድ ጊዜ ማቆምም ሊጎዳ ስለሚችል ስሙን ጽፈው ነገውኑ ለቤተሰብ ሐኪምዎ ይደውሉ።

መርፌው ይባስ። እነ ኦዜምፒክ የሚባሉት ለማቅጠኛ የሚወጉ መርፌዎች ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትን ጊዜ ያዘገያሉ። ከሌሊት ጀምሮ ምንም ሳይቀምሱ ቢያድሩ እንኳን የትናንቱ እራት እዚያው ሊቆይዎት ይችላል። ማደንዘዣ ሲወስዱ ያ ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ከገባ የምንፈራው እሱ ነው። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 በሳምንት አንዴ የሚወጋ ሰው ከኦፕሬሽን በፊት አንድ ሳምንት እንዲዘል መክሮ ነበር። በ2024 ግን ከሌሎች ማኅበራት ጋር ሆኖ እንደ ሰውየው ሁኔታ ይወሰን አለ፤ አንዳንዱ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ከኦፕሬሽኑ በፊት 24 ሰዓት ፈሳሽ ብቻ ይወስዳል። የሚወስኑት እነሱ ናቸው፣ መወሰን የሚችሉት ደግሞ ካወቁ ነው። ከሰው የተገዛ ጠርሙስ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ እርስዎም እኔም አናውቅም። ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ። ሐኪሞቹ የሚፈልጉት ሊጠብቁዎት እንጂ ሊከስሱዎት አይደለም።

ልጅዎን ግን ከዚህ ያውጧት። አሜሪካ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ቢሆን አማርኛ ተናጋሪ ያገናኙዎታል። «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ብቻ ነው። ልጅ የእናቷን ኪኒንና መርፌ ልትተረጉም አይገባም፣ እርስዎም በእሷ ፊት እውነቱን አይናገሩም። አልተናገሩምም።

ከኦፕሬሽኑ በፊት ስለሚጾመው ጾም ደግሞ አጭር ነው። በመደበኛው መመሪያ ጠጣር ምግብ ማደንዘዣው ከመሰጠቱ ቢያንስ 6 ሰዓት ቀድሞ፣ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል፤ መርፌ ለሚወስድ ሰው ግን የራሱን መመሪያ ይሰጡታል፣ የሚጸናውም እሱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ይህ ከባድ አይሆንም። የሚያሳስበኝ የጠዋቷ ጠበል ናት። ጠበል ለነፍስ ጠበል ነው፣ ለጨጓራ ግን ውኃ ነው። የሚጠጡት ከሆነ በተፈቀደልዎት ሰዓት ይሁን፤ ካለፈ ይረጩት።

ማተቡን አይበጥሱብዎትም፣ አስቀድመው ከተናገሩ። የብረት መስቀል ካለበት መስቀሉ ይወጣል፤ ኦፕሬሽን ላይ ደም ለማቆም የሚጠቀሙት ኤሌክትሪክ በብረት በኩል ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ክሩ ግን አንገት ላይ ከሆነ ቱቦ ሲያስገቡ ስለሚያስቸግር ወደ እጅ አንጓ ወይም ወደ ቁርጭምጭሚት አዙረው በፕላስተር ሊለጥፉት ይችላሉ። ለነርሷ በቀጠሮው ጠዋት ሳይሆን በቅድመ ምርመራው ቀን፣ በአስተርጓሚው በኩል ይንገሯት።