ስትለቁ ፓስወርዱን ይዛችሁ አትሂዱ

ሰሞኑን ከፖሊ፣ ከባሕር ዳሩ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ የወጡ የአይቲ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሱልኛል። «ጋሼ፣ ሌላ ቦታ አግኝቻለሁ፤ ልልቀቅ?» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ልልቀቅ አልልቀቅ የሚለው ያን ያህል አያስጨንቀኝም። የአይቲ ሰው ይለቃል። በእኔ ጊዜም ዕድሜውን በአንድ መሥሪያ ቤት የሚጨርስ ጥቂት ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ አለቃቀቃችሁ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ አዲሱ ቤት ስትገቡ የምታደርጉት።

ባሕር ዳር ሰፊ መንገድና ዘንባባ ያላት ቆንጆ ከተማ ናት፤ የአይቲ ሰፈሯ ግን ጠባብ ነው። ዛሬ ተኮራርፋችሁ የተለያችሁት አለቃ ነገ የሌላ ድርጅት ቃለ መጠይቅ ላይ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ያ ባይሆን እሑድ ሐይቁ ዳር ስትንሸራሸሩ ከነቤተሰቡ ፊት ለፊት ትገጣጠማላችሁ። አዲስ አበባ ብትሄዱም ያው ነው። ቀጣሪው ስልኩን አንስቶ እዚህ ለሚያውቀው ሰው «ልጁ እንዴት ነው?» ይላል። የዚያ ሰው መልስ ብዙ ጊዜ ስለ ሥራችሁ ዘመን አይደለም፣ ስለ መጨረሻው ወር ነው። ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው።

የብሩን ነገር ቶሎ ላንሳና ልለፈው። ደመወዙ በዛ ብላችሁ ከመዝለላችሁ በፊት የተጣራውን አስሉ። ከፍተኛው የግብር እርከን ላይ ከደረሳችሁ፣ ከዚያ በላይ ከሚጨመርላችሁ ከያንዳንዱ 100 ብር ደመወዝ 35ቱ ግብር፣ 7ቱ የጡረታ መዋጮ ነው። እጃችሁ የሚገባው 58 ብር ነው። ቦታው አዲስ አበባ ከሆነ የቤት ኪራዩንና የትራንስፖርቱን ደምሩበት፤ እዚህ በብስክሌት የምትደርሱበት ሥራ እዚያ ጠዋት ማታ ሰልፍ ሊሆን ይችላል። ደምራችሁ ቀንሳችሁ አሁንም የሚያዋጣ ከሆነ ሂዱ፤ ማንም አይፈርድባችሁም።

ግን አዲሱን ውል ሳትፈርሙ መልቀቂያ እንዳታስገቡ። «አይዞህ፣ አልቋል፣ ሰኞ ና» የሚል የስልክ ድምፅ ውል አይደለም።

አሁን ስለ ሕጉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከመልቀቁ በፊት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይላል። ይህ የግል ድርጅት ሠራተኛን ይመለከታል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ስለሚተዳደር እዚያ ያላችሁ የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቁ። ሥልጠና ልከዋችሁ «ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ» ብላችሁ የፈረማችሁበት ወረቀት ካለም ከመዝገብ አውጡና አንብቡት። የእናንተም መብት አለ። ያልተጠቀማችሁበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብላችኋል። ቀሪ ክፍያችሁ ውላችሁ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ምንም ክፍያ ይሰጣችኋል፤ የሥራችሁን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመናችሁንና ደመወዛችሁን የሚገልጽ። «ስላናደድከን አንሰጥህም» የሚባል ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን ሕጉ ላይ አታገኙትም፤ ሰኔ ላይ አትልቀቁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሒሳብ ክፍሉ እያመሸ ነው፣ ሲስተሙ ተጨናንቋል፣ ኔትወርክ ለአምስት ደቂቃ ብትጠፋ ሰው ሁሉ እናንተን ነው የሚጣራው። በዚያ ሰሞን መልቀቂያ ይዞ አለቃ ቢሮ የገባ ሰው፣ ሕጉን አክብሮ እንኳ ቢሆን፣ በክፉ ነው የሚነሳው። አዲሱን ቀጣሪ «ነሐሴ ላይ ልጀምር» ብትሉት አብዛኛው ይረዳል። እንዲያውም ያከብራችኋል። ለነሱም እንዲሁ እንደምታደርጉላቸው ያየዋላ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ለቀቅሁ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ፣ ስለነበረን ጊዜ አመሰግናለሁ። በቃ። የሆዳችሁን ሁሉ እዚያ ላይ አትዘርግፉ፤ ማህደራችሁ ውስጥ ይቀመጣል። ከሻይ ቤት ወሬም ተጠንቀቁ፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ደብዳቤው ከገባ በኋላ «ደመወዝ እንጨምርልህ፣ ቅር» ካሏችሁ ምርጫው የእናንተ ነው። እኔ ያየሁት ግን ለብር ብሎ የቀረ ሰው ብዙ ጊዜ ዓመት ሳይሞላው ድጋሚ ደብዳቤ ሲጽፍ ነው። ያስመረረው ነገር ብሩ ብቻ አልነበረማ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ርክክብ።

ርክክብ ማለት ላፕቶፕና መታወቂያ ለንብረት ክፍል መመለስ የሚመስለው ብዙ ነው። ላፕቶፕ ቢጠፋ ይገዛል። ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለው ግን ንብረት ክፍል ካርድ ላይ አልተመዘገበም። አንዲት አብራን የምትሠራ ልጅ ነበረች፤ ስትለቅ ያደረገችውን እስካሁን ለሰው እናገራለሁ። የሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ያለው ገመድ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው፣ የቱ ወዴት እንደሚሄድ የምታውቀው እሷ ብቻ። ነጭ ፕላስተርና ማርከር ይዛ ገባች። ሰው ምሳ ሲወጣ ጠብቃ ከተተኪዋ ጋር አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ እሱ ወደ ቢሮዎቹ እየሮጠ የቱ ኮምፒውተር ከኔትወርክ እንደወጣ እያየ በስልክ እየነገራት፣ እሷ ፕላስተሩ ላይ እየጻፈች በገመዱ ጫፍ ጠመጠመችው። «ሒሳብ 2»። «የሥራ አስኪያጅ ፕሪንተር»። «ይህን ማንም እንዳይነቅል»። ልጁ ከዚያ በኋላ ለገመድ ጉዳይ አልደወለላትም።

ሌሎቹ የማይታዩ ናቸው፤ ለዚህ ነው የሚረሱት። የድርጅቱ ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጹና የኢሜይሉ አድራሻ ስም፣ በማን ኢሜይል ነው የተመዘገበው? ብዙ ቦታ መልሱ ድሮ በለቀቀ ልጅ የግል ጂሜይል ነው። ማደሻው ሲደርስ ማሳሰቢያው ለሱ ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ ካናዳ ከገባ ቆይቷል፣ አንድ ቀን ድረ ገጹም ኢሜይሉም ድርግም ይላል። የማረጋገጫ ኮዱስ በማን ስልክ ነው የሚመጣው? በእናንተ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ቀይሩት፤ አለዚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት «ወንድሜ፣ ኮድ ልከውልሃል?» የሚል ስልክ ይቀሰቅሳችኋል። ፓስወርዶቹን በቴሌግራም አትላኩ። የፓስወርድ ማኔጀር ካለ እሱ ላይ፣ ከሌለ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በታሸገ ፖስታ ለኃላፊው በፊርማ አስረክቡ። ከዚያ እሱ ያስቀይራቸው። ይህ ለእናንተም መከላከያ ነው። ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ «እሱ ያውቀዋል» እንዳይባል።

ባክአፕ አለ ማለትና ባክአፑ ተመልሶ ይነሳል ማለት ለየቅል ናቸው። ከተተኪያችሁ ጋር አንድ ነገር ከባክአፑ ሪስቶር አድርጉ፣ መልሳችሁ አንሱ። ኪቦርዱን እሱ ይያዝ፣ እናንተ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ። የሚደናቀፍበትን ቦታ ያን ጊዜ ታያላችሁ፤ ርክክብ ሰነዱ ላይ የጎደለውም እሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ፣ የመጠባበቂያ ባትሪው፣ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ፣ የቱ ሰርቨር ቀድሞ እንደሚጠፋ፣ ሲመለስ የቱ ቀድሞ እንደሚነሳ ጻፉለት። የኛ ነገር ያስቃል መቼስ። ጣና በለስ ከዚሁ ከሐይቃችን ውሃ እየሳበ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ በ2002 ተመርቋል፤ እኛ ዛሬም ሰርቨር የሚጠፋበትን ቅደም ተከተል ጽፈን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን።

ክሊራንስ ስትዞሩ አንድ ሰው እንዳትረሱ፤ ዋሳችሁን። ስትቀጠሩ ደመወዙን አስይዞ የፈረመላችሁ አጎት ወይ የቀድሞ አስተማሪ አለ። ክሊራንሱ ሲያልቅ ዋስትናው መውረዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁና ወስዳችሁ በእጁ ስጡት። አዲሱም ቤት ዋስ አምጡ ሊላችሁ ይችላል፤ ያኔ በየትኛው ፊታችሁ ልትጠይቁት ነው?

ከወጣችሁ በኋላ በድሮው አካውንት አሁንም መግባት እንደምትችሉ ብታዩስ? አትግቡ። ለመርዳት ቢሆንም አትግቡ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባት በራሱ ወንጀል ነው፤ «የድሮ ሠራተኛ ነበርኩ» የሚለው አያድናችሁም። ደውላችሁ «የኔ አካውንት አልተዘጋም፣ ዝጉት» በሏቸው። ምክር ከጠየቋችሁ ግን አትንፈጉ፤ በስልክ፣ በቃል፣ የተወሰነ ጊዜ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሥራ ነውና ክፍያውን ተነጋገሩ።

አዲሱ ቤት ገባችሁ እንበል። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ በዚያ ውስጥ እነሱም እናንተም ያለ ማስጠንቀቂያ መለያየት ትችላላችሁ። ይህን የሚያውቅ ወጣት ራሱን ለማሳየት ይቸኩላል። ገና በሁለተኛው ሳምንት «ይህ ሲስተም ቆሻሻ ነው፣ ከዜሮ ልጻፈው» ይላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። «እኛ ድሮ ቤት እንዲህ ነበር የምናደርገው» የምትለዋንም ቀንሷት፤ በቀን አንዴ እንኳ ትበዛለች።

አንድ የማውቀው ልጅ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ጎበዝ ነው፣ እጁ ፈጣን ነው። የአንድ ንግድ ድርጅት የሽያጭ ሲስተም ተረከበና ኮዱ ውስጥ የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን የሚፈትሽ ቁራጭ አገኘ። አስቀያሚ ነበር አሉ፣ ማብራሪያ የለው፣ ሎጉ ላይ፣ ሲስተሙ የሠራውን በሚመዘግብበት፣ ሲሠራ አይታይ። ጳጉሜን አምስት ቀን ናት ብሎ አጠፋት። ምንም አልሆነም። በዓመቱም ምንም አልሆነም። ከዚያ 2015 መጣ፣ ዘመነ ሉቃስ። ጳጉሜን 6 ጠዋት፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሱቁ ውስጥ መቆሚያ የለም፣ ሲስተሙ «የተሳሳተ ቀን» እያለ ደረሰኝ አልቆርጥ አለ። ገንዘብ ያዥዋ በእጅ ስትጽፍ ዋለች። የሚገርመው፣ የቁራጯን ታሪክ የምታውቀው ያቺው ገንዘብ ያዥ ናት። በ2011ም ሉቃስ ነበር፣ ያኔም ተበላሽቶ ነው የቀድሞው ልጅ የጨመራት። የጠየቃት ሰው አልነበረም እንጂ ትነግረው ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ገንዘብ ያዥዋን፣ መጋዘን ጠባቂውን፣ ዘበኛውን ሳይቀር ጠይቁ፤ ጄኔሬተሩ መቼ መቼ እንደሚያስቸግር የሚያውቀው እሱ ነው። የሰሙትን የሚጽፉበት ደብተር ያዙ። የማይገባችሁን ኮድ ስታገኙ ከማጥፋታችሁ በፊት ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንደጻፈው ፈልጉ። ካላገኛችሁ ለጊዜው ተዉት። ርክክብ ሰነድ ካልተሰጣችሁ ራሳችሁ ጀምሩት፤ የመጀመሪያው ወር ላይ ዓይናችሁ አዲስ ስለሆነ ሌላው የለመደውን ጉድ ታያላችሁ፣ ከሦስት ወር በኋላ እናንተም ትለምዱታላችሁ።

ከዚሁ ከባሕር ዳር ሆናችሁ ለውጭ ድርጅት ልትሠሩ ለምትነሱም አንድ ቃል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት መቋረጡን ሁላችንም አይተነዋል። ሥራውን ስትቀበሉ በሞባይል ብቻ አትተማመኑ፤ ቤት የመስመር ኢንተርኔት አስገቡ፣ መስመር ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግም ከቀጣሪው ጋር አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ጡረታውን የሚያዋጣላችሁ አሠሪም ላይኖር ይችላል፣ ያንን ከደመወዙ ላይ ቀንሳችሁ አስቡ።

ቀን የሚቆጥር ሲስተም የተረከባችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 በ2019 መጨረሻ ነው። የሙከራ ኮፒው ላይ ቀኑን ወደዚያ ቀይራችሁ አንድ ደረሰኝ ቁረጡበት።