«ኢንፌክሽን ነው» ብለን ከእናታችን ደብቀናል

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ ደሴ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። እናታችን የማሕፀን በር ካንሰር ተገኝቶባታል። ሐኪሙ «ተሰራጭቷል፤ ከእንግዲህ ስቃይዋን ማስታገስ ላይ ነው የምናተኩረው» ብሎናል። ጅዳ ያለው ታላቅ ወንድሜ «ቤቱም ይሸጥ፣ ሕንድ ትሂድ» ይላል። ኮምቦልቻ ያለው ደግሞ ዱዓ ይበቃታል ባይ ነው። ለእሷ «ኢንፌክሽን ነው» ብለናታል። በቀደም ሌሊት አንሶላዋን ስቀይርላት «የምትንሾካሾኩት ስለ እኔ ነው አይደል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አላህ አፊያውን ያቅርብላት።

እናትሽ የሕመሙን ስም አታውቅ ይሆናል። ከባድ መሆኑን ግን ሳታውቅ አትቀርም። ደም የሚፈሳት እሷ ናት። ጠያቂ ሲበዛ፣ እናንተም እሷ ስትነቃ ወሬ ስትቀይሩ ታያለች። ሦስታችሁም ስለ እሷ ትከራከራላችሁ፤ እሷን የጠየቀ ግን የለም።

የደበቃችሁት ከክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ሰው ዕዳ ይኖርበታል። የሰው አማና በእጁ ይኖራል። ተኳርፎት የቆየ ዘመድም አይጠፋም። እናትሽ አውፍ (ይቅር) የምትባባለው፣ ወሲያዋን (ኑዛዜዋን) የምትናገረው ያለችበትን ስታውቅ ነው። ለኢንፌክሽን ብሎ ወሲያ የሚናገር የለም።

ዛሬውኑ ሁሉንም ዘርግፊላት ማለቴ ግን አይደለም። አስቀድመሽ ወንድሞችሽን «ከጠየቀችኝ አልዋሻትም» በያቸው። ከዚያ ሦስታችሁም አንድ ላይ ሐኪሙን አነጋግሩ። የጅዳው በኢሞ ይግባ፤ ካንቺ መስማትና ከሐኪሙ መስማት ለየቅል ነው። ሕንድ ብትሄድ ምን ታገኛለች? ጉዞውን ትችለዋለች ወይ? የጨረር ሕክምና ባያድናትም ደሙንና ሕመሙን ሊቀንስላት ይችላል። ለእሷ ይሆን እንደሆነ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ አዲስ አበባ መድረስ ትችል እንደሆነ እሱ ይንገራችሁ።

ሞርፊን ካዘዘላትም ስሙ አያስደንግጣችሁ። ሐኪም ባዘዘው መጠን ለካንሰር ሕመም ሲሰጥ «ሱስ ይሆንባታል» ብሎ መከልከል እሷን ማሰቃየት ነው። በሰዓቱ ይሰጣል እንጂ እስክታቃስት አይጠበቅም። ሆድ ስለሚያደርቅ፣ ማለስለሻም አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቂ። ዱዓው ይቀጥል፤ ዱዓ መድኃኒት አያስጥልም።

ስለ ወንድሞችሽ አንድ ነገር ልበል። ሩቅ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ትልቁን ነገር ነው የሚጠይቀው፤ አጠገቧ አለመኖሩ ያንገበግበዋል። ስለዚህ ሥራ ስጪው። ልብስ የምታጥብና የምታግዝሽ ሴት ይቅጠርልሽ። የኮምቦልቻው ደግሞ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የማሕፀን ነገር አሳፍሮት ሊሆን ስለሚችል ገላዋን ማጠቡን ላንቺ ይተወው፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት ግን እሱ ይደር። አንቺም ሰው ነሽ፤ መተኛት አለብሽ።

ከሐኪሙ ስትመለሱ፣ ሕመሟ ጋብ ባለበት ሰዓት እናትሽን ብቻዋን አግኚያት። «እማዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ልንገርሽ ወይስ ከእኛ ጋር ይነጋገር?» በያት። «እናንተ እወቁልኝ» ካለች እሱም ውሳኔ ነው፤ አትጫኗት። ልስማ ካለች ግን በጥቂት በጥቂቱ ንገሪያት፤ ብታለቅስ «አይዞሽ፣ ምንም የለብሽም» ብለሽ አትዝጊባት። የት ሆና መታከም እንደምትፈልግ፣ ማን አጠገቧ እንዲሆን እንደምትሻ፣ የቤቱን መሸጥም ጭምር ጠይቂያት። ቤቱ የእሷ አይደል? እስካሁን ለሐኪሙ ሳትናገር የደበቀችው ሕመም ካላትም ያኔ ይወጣል።