«ለምርምር ነው የመጣሁት» ሲሏት ክንዷን የዘረጋች እናት

ጥያቄ፦ በሕብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጣቸውን የአይረን እንክብል በአግባቡ ይወስዱ እንደሆነ የሚመለከት ነው። ሥራዬ መጠይቅ ማስሞላት ብቻ ነው፤ ደም አልወስድም። የአማርኛውን የስምምነት ቅጽ ሳዘጋጅ «ይህ ጥናት» ብዬ ጽፌ ነበር። አማካሪዬ ግን «ጥናት ተማሪ ለፈተና የሚያጠናው ነው፤ የሳይንስ ሥራ ምርምር ነው የሚባለው» ብለው በሙሉ አስለወጡኝ። ቅጹን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩና ለመጀመሪያዋ እናት «ለምርምር ነው የመጣሁት» ስላት እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችልኝ። ጨርሰን ስትነሳም «ውጤቱስ መቼ ይነገረኛል?» አለችኝ። የተሳሳተው ማን ነው? «ጥናትና ምርምር» የሚባለውስ አንድ ነገር ነው ወይስ ሁለት?

መልስ፦ እናቲቱ አልተሳሳተችም። እንዲያውም ከሦስታችሁ አማርኛዋን በትክክል የሰማችው እሷ ናት ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

«መረመረ» የሚለው ግሥ ከግእዝ ጀምሮ የነበረ ነው። ከውጭ የማይታየውን ውስጥ ገብቶ ማየት ማለት ነው። «ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር» ሲባል የሰማ ሰው ትርጉሙን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ከዚህ ግሥ የወጣው «ምርመራ» የሚባለው ስም ዛሬ ሁለት ቤት አለው፤ አንዱ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሌላው ሐኪም ቤት። በሁለቱም ቤት አንድ መርማሪና አንድ ተመርማሪ አለ፤ በሁለቱም መጨረሻ ላይ ውጤት ይጠበቃል። በኤች አይ ቪ ዘመን ደግሞ ቃሉ ይበልጥ ጠበበ። «ተመርምረሃል ወይ?» ሲባል ምንህን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ደም መሆኑ የታወቀ ነው። እንግዲህ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ነጭ ጋውን ከለበሰ ሰው አፍ «ምር...» ብሎ የሚጀምር ቃል የሰማች እናት ክንዷን ባትዘረጋ ነበር የሚገርመው።

ታዲያ «ምርምር» ከ«ምርመራ» በምን ይለያል? ሥርወ ቃላቸው አንድ ነው፤ የወጡበት የግሥ ቅርጽ ግን የተለያየ ነው። ምርመራ የመጣው «መረመረ» ከሚለው ነው፤ ምርምር ደግሞ «ተመራመረ» ከሚለው። እህቶቹን ብናይ ነገሩ ይበራል፤ ክርክር ከተከራከረ፣ ውድድር ከተወዳደረ፣ ድርድር ከተደራደረ ይወጣል። ድርድር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ የምወደው ምሳሌ እሱ ነውና። በገና የሚመታ ሰው ሥራው ድርደራ ይባላል፤ ደርዳሪ አለ፣ የሚደረደር አውታር አለ፤ አድራጊና ተደራጊ ተለይተው ይታወቃሉ። ድርድር ሲሆን ግን አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሐሳብ ይመላለሳል፤ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ሲጀመር አይታወቅም። በምርመራና በምርምር መካከል ያለውም ልዩነት ይኸው ነው። ሰዋስዉም ይመሰክራል፦ «ሐኪሙ በሽተኛውን መረመረው» እንላለን፤ «ሐኪሙ በሽተኛውን ተመራመረው» ብንል ግን ጆሮ አይቀበለውም። ሰው የሚመራመረው ስለ አንድ ነገር ወይም በአንድ ነገር ላይ ነው።

ይህ ቃል ከዩኒቨርሲቲ ጋር የመጣ እንዳይመስለን። አባቶች ስለ አብርሃም ሲያስተምሩ «ተመራምሮ ፈጣሪውን አገኘ» ይላሉ። ጣዖት ሻጭ ከሆነው ከአባቱ ከታራ ቤት ወጥቶ፣ ይህን አምልክ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ እያየ፣ ይህስ የሚሸነፍለት አለ፣ ያኛውስ ይጠልቃል እያለ ሐሳቡን ሲያወጣና ሲያወርድ፣ መጨረሻ ላይ ከፀሐይ በላይ ያለውን ፈለገ። ማንም ደም አልቀዳም፤ የላቦራቶሪ ወረቀትም አልመጣም። ግን ጥያቄ አለ፣ ያልበቃውን መልስ መጣል አለ፣ ወደሚቀጥለው መሻገር አለ። ለምርምር ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በየመማሪያ መጽሐፉ ፈልጌ አላገኘሁም።

አሁን ወደ አማካሪዎ ቃል ልምጣ። «ጥናት ለፈተና የሚጠናው ነው» ማለታቸው ግማሽ እውነት አለው። አማርኛ ብዙ ጊዜ የግእዙን ጸ ወደ ጠ ያዞራል፤ ጸጉርን ጠጉር፣ ጾምን ጦም እንደሚለው ጸናንም ጠና ይላል። «ሕመሙ ጠናበት»፣ «ዕድሜው ጠና ያለ» የሚሉት ሁሉ ከዚህ ናቸው። «አጠና» ማለትም አጸና፣ እንዲጠነክር አደረገ ማለት ነው። የቆሎ ተማሪ ትምህርቱን ሲያጠና ቃሉን በአእምሮው ውስጥ ያጸናዋል፤ ነገ ቢጠሩት እንዳይናወጥ አድርጎ ይይዘዋል። (ጤና ግን ከዚህ ቤት አይደለም፤ እሱ ጥዒና ከሚለው የግእዝ ቃል የመጣ ነው። ብዙ ሰው ስለሚያዛምዳቸው ነው የጠቀስኩት።)

ግማሹ እውነት ያልሆነው ቃሉ እዚያ ስላልቆመ ነው። አንድን ነገር ደጋግሞ አይቶ፣ ቆጥሮ፣ መዝግቦ በጽኑ መሠረት ላይ ማስቀመጥም ጥናት ተባለ። የአዋጭነት ጥናት፣ የመስክ ጥናት፣ የታሪክ ጥናት እንላለን፤ በእነዚህ ቦታዎች ምርምር ቢገባ ያንከራፍፈዋል። የእርሻ ምርምር፣ የጠፈር ምርምር ስንል ደግሞ በተቃራኒው ነው። ይህን የወሰነው የቃላቱ ትልቅነትና ትንሽነት አይደለም፤ ልማድ ነው። «ምርምር ከፍ ያለ፣ ጥናት ዝቅ ያለ» የሚለው አስተሳሰብ ግን ያሳስበኛል። ልቅሶ ቤት ተቀምጦ የሙሾ ግጥም የሚቀዳ፣ አልቃሿ ለምን በዚህ ቤት ይህን ስንኝ፣ በዚያ ቤት ያንን እንደመረጠች የሚጠይቅ ሰው ሥራው ማይክሮስኮፕ ስለሌለበት ብቻ ከምርምር አያንስም።

ጥናት፣ ምርመራና ምርምር በአንድ ሥራ ውስጥ ተራ በተራ ሲመጡ ለማየት የሳይንቲስቱን የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ የሄዱት ቢልሃርዝያ የተባለውን የጥገኛ ትል በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በየትኛው ወንዝ እንዳሉ ለማወቅ ነበር። ቦታ ለቦታ እየዞሩ ማየት፣ መመዝገብ፣ ይህ ጥናት ነው። በሽታው ያለበትን ሰው ሰገራ ወይም ሽንት ወስዶ የትሉን እንቁላል መፈለግ ምርመራ ነው። ዶክተር አክሊሉ ግን አንድ ቦታ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተመለከቱ፤ ከዚያ ከፍ ብሎ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። የገደላቸው ምንድን ነው? እንዶዱ ይሆን? ሕያዋኑን ከአረፋው ጋር አገናኝቶ ማየት፣ ሲሞቱም በውስጡ ያለው ገዳይ ነገር ምን እንደሆነ ዓመታት ወስዶ መፈተሽ፣ ይህ ምርምር ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1989 ለእሳቸውና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኘ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በዶክተር አክሊሉ ስም ይጠራል። ጥናቱ ባይኖር እዚያ ወንዝ ዳር አይቆሙም ነበር፤ ታዲያ የትኛውን ከየትኛው እናሳንሳለን?

«ጥናትና ምርምር» ስለሚለው ጥምረት በአጭሩ ልመልስ። አማርኛ ጥንድ ቃል ይወዳል፤ ሀብትና ንብረት፣ ሰላምና ጸጥታ፣ ሥርዓትና ደንብ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመውና ሪቻርድ ፓንክረስት በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የመሩት የስድስት ኪሎው ተቋም በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ስሙ «ጥናቶች» የሚል ቃል ብቻ አለው፤ አማርኛው ግን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ለተቋም ስም ያምራል፤ ሁለቱንም ሥራ ያቅፋል። በአንድ አንቀጽ ውስጥ ስምንት ጊዜ «ይህ ጥናትና ምርምር» ማለት ግን ቦታ ከማጣበብ በቀር አይጠቅምም። አንዱን ይምረጡና ይጽኑበት።

ደግሞ ሌላ ቃል ነበረን፤ ሐተታ። በግእዝ ሐተተ ማለት መረመረ፣ ጠየቀ ማለት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተጻፈ የሚባለውና ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ጥያቄ ካነሳበት ጀምሮ ደራሲው ማን ነው እየተባለ የሚያከራክረው የዘርዓ ያዕቆብ የፍልስፍና ሥራ፣ «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ»፣ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ዛሬ ግን «ሐተታ አበዛ» ስንል ወሬ አረዘመ ማለታችን ነው። እንዲህ ያለ ጥሩ ቃል ከእጃችን መውጣቱ ይቆጨኛል።

ወደ ቅጹ ልመለስ፤ የጥያቄዎ ክብደት ያለው እዚያ ነው። የስምምነት ቅጽ ዓላማው አንድ ነው፤ ሰውየው ምን እንደሚደረግ ገብቶት እሺ ወይም እምቢ እንዲል። «ምርምር» ብለው ያነበቡላት እናት እሺ ያለችው ለምርመራ ነው። ፊርማዋ አለ፤ ፈቃዷ ግን ለሌላ ነገር ነበር። በዚህ ምክንያት በቅጹ ላይ «ጥናት» ይበልጣል እላለሁ፤ ከዚያም የሚሻለው ስሙን ትቶ በግሥ መናገር ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ተማሪ ነኝ። እናቶች በእርግዝና ጊዜ የሚሰጣቸውን የአይረን እንክብል እንዴት እንደሚወስዱ እያጠናሁ ነው። ጥቂት ጥያቄዎች እጠይቅዎታለሁ። ደም አልወስድም፤ መድኃኒትም አልሰጥም። የሚነገርዎት ውጤት የለም። ባይፈልጉ ይተዉት፤ ከሕክምናዎ የሚጎድል ነገር አይኖርም።»

በቅጹ ውስጥ «ተመርማሪ» የሚል ቃል ካለ ያውጡትና «ተሳታፊ» ያድርጉት። አማካሪዎን ደግሞ በአክብሮት ያስረዷቸው፤ በሽፋኑ ላይ ምርምር እንዲባል ከፈለጉ ይሁን፣ ሽፋኑን እናቶቹ አያነቡትም። ቅጹን አንብበው ሲጨርሱ ግን ከመፈረሟ በፊት «እስቲ ምን እንደምንሠራ መልሰው ይንገሩኝ» ይበሏት። «ልትጠይቂኝ ነው» ካለች ቅጹ ሠርቷል። «ልትመረምሪኝ ነው» ካለች ወረቀቱን አስቀምጠው እንደገና ከመጀመሪያው ያስረዷት።