ታራሚ የሚባለው ማን ነው?

"ጅማ ማረሚያ ቤት ያለ ሁሉ ታራሚ ነው ወይ?" ላልከው፣ አይደለም። ታራሚ ማለት ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ እስራት የፈረደበት ሰው ነው፤ ፍርደኛም ይባላል። ፖሊስ ጣቢያ ያለው ተጠርጣሪ ነው፣ ክስ ሲመሰረትበት ተከሳሽ ይሆናል፣ ዋስትና ተከልክሎ ማረሚያ ቤት ቢገባ እንኳ ገና የቀጠሮ እስረኛ ነው እንጂ ታራሚ አትለውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይላል። ስለዚህ ገና ትናንት የተያዘን ሰው ፌስቡክ ላይ "ወንጀለኛው" እያሉ ፎቶውን መለጠፍ ነውር ነው፣ በግልጽ ለመናገር። ግራ ከገባህ "እስረኛ" በል፣ ሁሉንም ይይዛል። እዚህ በኦሮምኛም "ማነ ሲሬሳ" ነው፣ ያው ማረሚያ ቤት። ትልልቆቹ ግን ዛሬም "ወህኒ ወረደ" ይላሉ።