ጥያቄና መልስ፦ ማተሚያ ቤት ከመግባታችሁ በፊት

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ግጥም ናቸው። ባሕር ዳር ላይ ክረምት ሲገባ የማይገጥም ሰው የለም መሰለኝ።

ደጋግመው የሚያነቡት መጽሐፍ የትኛው ነው? (ከሽምብጥ)

«ፍቅር እስከ መቃብር»። ጎጃሜ ስለሆንኩ አይደለም ብል የሚያምነኝ የለም። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ሰው የሚያነበው ለሰብለና ለበዛብህ ብሎ ነው፤ እኔ የምመለሰው ለጉዱ ካሣ ነው። አገሩ ሁሉ እብድ ያለው ሰው ጤነኛ ነገር ሲናገር መስማት አይሰለቸኝም። ከግጥም ደግሞ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን አነባለሁ፤ ባለ 8 ቀለም ሐረጉ (ቀለም አንድ የድምፅ ምት፣ ሐረግ የስንኝ ግማሽ ነው) ትንፋሽ ስለሚጠይቅ በልብ አይነበብም፣ ድምፅ ያሻዋል።

ሽፋኑ ላይ ፎቶግራፌ ቢወጣስ?

አይውጣ።

አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተማሪ ከመቶ በላይ ግጥም አለኝ ይላል። ጓደኞቹ «ለሕትመት በቅተሃል» ብለውታል፣ አባቱም ገንዘብ ሊሰጡት ነው። ሁሉንም በአንድ መድበል ላሳትም ወይ? ብሎ ናሙና ልኳል፦

ውቢቷ ባሕር ዳር፣ የፍቅር ከተማ፤
ዘንባባሽ ሲወዛወዝ፣ ልቤ ናፍቆት ሰማ።

የሞከርከው የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ምጣኔ ነው፤ ሐረጉ 6 ቀለም ይይዛል። ሦስቱ ልክ ናቸው፤ «ዘንባባሽ ሲወዛወዝ» ግን 7 ሆኖ ያነክሳል። «ዘንባባሽ ሲወዛ» ብትል ልኩን ያገኛል፤ ዝናብ ያጠበው ቅጠል ሲያብረቀርቅም ይታያል። ይህ ቀላሉ ነው። ዘንባባውን ግን ከተማችንን ረግጦ የማያውቅ ሰውም ፖስት ካርድ ላይ ያገኘዋል። አንተ እዚህ ኖረህ ያየኸው የታለ? የደንገል ታንኳ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ባለቤቱ ጎትቶ አውጥቶ ለፀሐይ እንደሚያቆመው፣ ከደንገሉ ሥር ውሃው እየተንጠባጠበ አሸዋውን እንደሚያጠቁረው ሳታይ አልቀረህም። ከደብዳቤህ ውስጥ ይህን አጣሁት።

ስለዚህ መቶውን አታሳትም። ደብተርህን ሁለት ወር ዝጋና የሌሎችን መድበል ገዝተህ አንብብ። ገዝተህ ነው ያልኩት፤ የሰው ግጥም የማይገዛ ገጣሚ የራሱን ግዙልኝ እያለ ሲዞር ማየት ታክቶኛል። ከዚያ የራስህን ድምፅ አውጥተህ አንብባቸው፤ ምላስህን የያዘውን ሁሉ ጣል። ሠላሳ ከተረፈህ መጽሐፍ አለህ። ጓደኞችህን አትጠይቅ፤ ይወዱሃል። የአባትህ ገንዘብ እስከዚያው ባንክ ይቀመጥ።

ግጥሞቼን ካላስመዘገብኩ ይሰረቁብኛል? አንድ አሳታሚ «ሙሉ መብቱ የአሳታሚው ነው» የሚል ውል ሰጥቶኛል። (አንዲት እህት)

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግጥምሽን ከፈጠርሽበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቀዋል፤ ምዝገባ ግዴታ አይደለም። የኢኮኖሚ መብትሽ፣ ማለት ግጥሙን አባዝቶ የመሸጡ መብት፣ በሕይወት ዘመንሽና ከሞትሽ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ፊርማ ልትሰጪ ነው? ጠበቃ ሳያየው እንዳትፈርሚ። «ሰውየው የታወቀ ነው፣ አያታልለኝም» ያልሽውን እርሺው። ጠበቃ ስል ጠበቃ ነው፤ ውል አንብቦ የሚያውቅ አጎት አይደለም።

ማታ በሻማ ሳነብ ዓይኔ ያለቅሳል።

ዓይን ሐኪም ይዩ። ሻማውንም ይተዉት።

አንድ የቅኔ መምህር የዘንድሮ ግጥም ሰምና ወርቅ የለውም፣ ግጥም አትበሉት ብለዋል።

የኔታ፣ ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭሩ የግእዝ ቅኔ በ2 ቤት የሚጨርሰውን እኛ 2 ገጽ እንደምንጎትተው አልክድም። ነገር ግን አልቃሽ ለቅሶ ቤት የምታወርደው ሙሾ ሁሉ ወርቅ ተቀብሮበት ነው ወይ ሰው የሚያነባው?

አዲሶቹ ግጥሞችዎ መቼ ይወጣሉ? ምረቃው ሙሉዓለም አዳራሽ ነው?

አርታኢዋ ዘንድ ናቸው። በጣም የምወዳቸውን መርጣ የሰረዘች ይመስል ሰርዛብኛለች፤ አኩርፌ ቆይቼ አብዛኛውን ተቀብያለሁ። አንዱን ግን አልለቅም፤ እየተከራከርን ነው። ለአዳራሽ የሚወጣ ብር ከተገኘ ወረቀት ይገዛበታል።