ከድንጋይ ሥር የሚኖረው ጢማም ዓሣ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጆቼ ወደ ጎጀብ ከሚገባ ጅረት ድንጋይ እየገለጡ ጣት የማያክል ጢማም ዓሣ ይይዛሉ። የአምባዛ ግልገል መስሎን ሰባት ያህል በበርሜል ውኃ አኖርን። በማግስቱ አምስቱ ሞቱ። ምን ብናደርግ ያድጋሉ? (አባት፣ ከካፋ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የቀሩትን ሁለቱን ዛሬውኑ ወደ ጅረታቸው ይመልሱልኝ። ማብራሪያውን ከዚያ በኋላ ያነቡታል።

አምባዛ በአፉ ዙሪያ ስምንት ጢም አለው፤ የጀርባው ክንፍም እስከ ጅራቱ ሥር ይዘልቃል። የእናንተው ዓሣ ጢሙ ስድስት፣ የጀርባው ክንፍ አጭር ከሆነና ከዚያ ክንፍ በስተኋላ ሌላ ሥጋማ ክንፍ ከሌለው ሎች የሚባል ሌላ የዓሣ ዓይነት ነው። ሎች ከሆነ ደግሞ ጣት የማያክለው አድጎ ጨርሶ ነው። በርሜል ውስጥ ዓመት ቢቀመጥም አምባዛ አይሆንም።

ቤተሰቡ ኔማኪሊዴ ይባላል። ከ600 የሚበልጡት ዝርያዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የእስያና የአውሮፓ ናቸው፤ በአፍሪካ የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ቡለንገር የተባለው ተመራማሪ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጣና ሐይቅ የተገኘውን ለሳይንስ አስተዋወቀ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከኦሞ ተፋሰስ ሁለተኛ ዝርያ ተገለጸ፤ ስሙም አፍሮኔማኪለስ ካፋ ተባለ። የእናንተን አገር ስም የተሸከመ ዓሣ ነው! ለዚህ ነው ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ ያነበብሁት።

ለምን ሞቱ? የለመዱት ቀዝቃዛና የሚፈስ ውኃ ነው። ድንጋይ ላይ እየተጋጨ የሚወርድ ውኃ ከአየሩ ኦክስጅን ይቀላቅላል። በርሜል ውስጥ የቆመ ውኃ ግን ፀሐይ ሲያገኘው ይሞቃል፤ የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፣ ሰባቱም የሚተነፍሱት ከዚያችው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። በአካባቢያችሁ ዓሣ ለመያዝ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ የሚበትን ሰው ካለ እባክዎ ይምከሩት። መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ሎቹንም ለሎቹ ምግብ የሚሆኑትን የነፍሳት ዕጮችም አብሮ ይፈጃል። ከታረሰ ተዳፋት የሚወርደው ደለልም እንደዚሁ ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሲሞላው ዓሣው መኖሪያ ያጣል።

ልጆቹን ግን አይከልክሏቸው። ሰፊ ሳህን ውኃ ሞልተው፣ እጃቸውን አርጥበው፣ ጥላ ሥር ለጥቂት ደቂቃ ይመልከቱትና ከያዙበት ቦታ ይልቀቁት። የገለጡትንም ድንጋይ ቀስ ብለው እንደነበረ ይክደኑት። ጢሙን ቆጥረው ስንት እንዳገኙ ቢጽፉልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።