ርዕስ ሰጡሽ እንጂ ዜና አልሰጡሽም

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎች አንባቢዎች እንዲከተሉን ባጭሩ ላስቀምጠው። ድሬዳዋ ነሽ፤ ጋዜጠኝነት አራተኛ ዓመት። የተግባር ልምምድ የምትሠሪበት ጣቢያ የዜና ክፍል ኃላፊ "የሃይማኖት ትምህርት በትምህርት ቤቶች" የሚል ርዕስ ሰጥተው፣ የሦስት ቀን ተከታታይ ዘገባ ዕቅድ በሁለት ሳምንት አምጪ ብለውሻል። አንቺ ፈርተሻል። ስምሽ ሲጠራ ሃይማኖትሽ ስለሚታወቅ፣ ምንም ብትሠሪ "ለወገኗ አደላች" መባልሽ አይቀርም ብለሽ ጽፈሻል። የቤት ኪራያችሁን የሚከፍሉት አጎትሽ ደግሞ "ሃይማኖት ውስጥ ገብተሽ ትታሰሪያለሽ፤ ይልቅ ታይዋን ገበያ ያለው ሱቄ ግቢ" ብለዋል። እናትሽ ዝም ብለዋል። መጨረሻ ላይ "ይቅርብኝ ብል ምን አለበት?" ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ብዙ ነገር አለበት።

ደፍሬ የምናገረው ቀምሼው ስለማውቅ ነው። አማካሪ ከመሆኔ በፊት ሬዲዮ ነበርኩ። በጀማሪነቴ የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆች በሃይማኖት ጉዳይ ስለተጨቃጨቁበት ነገር የሁለት ደቂቃ ዘገባ ሠራሁ። ቃለ መጠይቁ ደህና ነበር። ጽሑፉም ደህና ነበር። ታዲያ ምን አደረግኩ? "ጭቅጭቅ ተነሣ" በሚለው ዓረፍተ ነገር ሥር የአንዱን እምነት የጸሎት ድምፅ አስገባሁበት። ለማሳመር ብዬ ነው። ዜናው ሳያልቅ ስልኩ መጮህ ጀመረ። የደወሉት ሰዎች እውነታቸውን ነበር፤ በአፌ ያላልኩትን በድምፁ ብዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ለወራት የጠፋ መታወቂያና የጨረታ ማስታወቂያ ሳነብ ከረምኩ።

ልብ በይ፣ ያኔ ስሜን ያነሣ ሰው አልነበረም። የከሰሰኝ ሥራዬ ነው። ያንቺን ስም የሚያነሣ አይጠፋ ይሆናል። ሥራሽ ቀዳዳ ከሌለው ግን ስም ብቻውን ሩቅ አያስኬዳቸውም። ስለዚህ ስምሽን ተዪውና ዕቅዱን እንይ።

የተሰጠሽ ርዕስ እንጂ ዜና አይደለም። በውስጡ ቢያንስ ሦስት ጉዳይ ታጭቋል። ጠቡም የሚመጣው አንዱ ስለ አንደኛው ሲያወራ ሌላው ስለ ሦስተኛው ስለሚሰማ ነው። አንደኛው ቤተ እምነቶች ራሳቸው የሚያስተምሩት ነው፦ የቄስ ትምህርት ቤት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ቁርኣን ቤት፣ መድረሳ። ይህ ሕጋዊ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው እያስተማሩ እንዲያሳድጉ መብት ሰጥቷል። ሁለተኛው በመደበኛው ክፍል ውስጥ ሃይማኖት ይገባል ወይ የሚለው ነው። እዚህ ላይ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል፤ አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያያል። ሦስተኛው የአለባበስና የሶላት ጉዳይ ነው። ተማሪው ግቢ ውስጥ እምነቱን እስከ ምን ድረስ ይፈጽም? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ግን የትምህርት ጥያቄ አይደለም።

ኃላፊሽ የትኛውን እንደፈለጉ ጠይቂያቸው። እሳቸውም አልለዩት ይሆናል።

እኔን ከጠየቅሽኝ የመጀመሪያውን ያዢ። ሁለተኛውን በሦስተኛው ቀን ንኪው። የመጨረሻውን ለሌላ ጊዜ ተዪው፤ በሦስት ቀን ሦስቱን ማንሣት አንዱንም አለመሥራት ነው። ሁለተኛውን ስትነኪ፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለታችኛ ክፍሎች የተመለሰውን ግብረ ገብ "ሃይማኖት ነው" የሚል ወላጅ ሊያጋጥምሽ ይችላል። አትከራከሪ። መጽሐፉን ፈልጊና ገጹን አሳዪ።

በመጀመሪያው ቀን ግን ቄስም ሼህም አታምጪ። የሃይማኖት አባቶችን በተርታ አስቀምጦ "ተቻችለን እንኖራለን" ማስባል የድሬም የሐረርም ጋዜጠኛ የለመደው ማምለጫ ነው። አባቶቹ ልክ ናቸው፤ ተመልካቹ ግን ይህን ከእነሱ በፊት ያውቀዋል። ከአንድ ልጅ ጀምሪ። እኔ ያደግኩት ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። ጠዋት ከአንዱ ቤት "ሀ ሁ"፣ ከወዲያኛው "አሊፍ ባ" እየሰማሁ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። ይህንን አንድ ቀን እንኳን በዜና ሰምቼው አላውቅም። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የጠዋት ፈረቃ ተምሮ፣ ምሳውን በልቶ፣ ቦርሳ ቀይሮ ቁርኣን ቤት የሚሮጥ ልጅ አታጪም። ከዚራ ሰፈር ቅዳሜ ጠዋት የኔታ ፊት የሚቀመጥም አታጪም። የቤት ሥራውን መቼ ይሠራል? ለኡስታዙ ማን ይከፍላል? የኔታስ በምን ይኖራሉ? ሁለቱ ሰዓት ሲጋጩ እናት የቱን ታስቀድማለች? ፊደል ለይቶ የመጣ ልጅ አንደኛ ክፍል ላይ ምን ለውጥ ያሳያል? ይህን መምህራንና የወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) ያውቁታል። የልጁን ፊት ከማሳየትሽ በፊት የወላጁን ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ።

ሚዛን ሰከንድ መቁጠር አይደለም። በዚህ ርዕስ ላይ ግን ሰው ይቆጥራል፤ ስለዚህ አንቺም ቁጠሪ። የቱ ቀድሞ እንደታየም ይቆጠራል። ሰኞ አንዱን ካስቀደምሽ ማክሰኞ ሌላውን አስቀድሚ። የፕሮቴስታንትና የካቶሊክ ልጆችም ድሬ ውስጥ አሉ፤ አገሩ ሁለት እምነት ብቻ ያለው አታስመስዪው። ከማህደር ምስል ደግሞ በፍጹም አታስገቢ። የሌላ ቀን ሥዕል በዛሬ ጽሑፍ ላይ ሲገባ የሚያመጣው እኔ ከነገርኩሽ የጸሎት ድምፅ አይለይም።

አጎትሽ "ትታሰሪያለሽ" ሲሉ ያሰቡት የጥላቻ ንግግር አዋጁን፣ ቁጥር 1185/2012ን፣ ሊሆን ይችላል። አንብቢው። የዜና ዘገባ አካል የሆነን ንግግር ለይቶ ያስቀመጠበት ቦታ አለ። ካነበብሽ በኋላ ለእሳቸውም አንብቢላቸው።

አጎትሽ እንደሚወዱሽ አልጠራጠርም። ግን ደመወዝ የማትጠይቅ ገንዘብ ተቀባይም ይፈልጋሉ። ሁለቱ በአንድ ሆድ ውስጥ ይኖራሉ። ዘመዴ ክፉ ነው እንድትዪ አይደለም፤ ምክሩን ከጥቅሙ ለይተሽ እንድትሰሚ ነው። በእርግጥ የኪራዩ ነገር ቀልድ አይደለም፤ የጀማሪ ሪፖርተር ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ሱቁ ግቢ። በደመወዝ። ስንት እንደሆነም እናትሽ ባሉበት ተነጋገሩ፤ ዝምታቸው ያኔ ይፈታ ይሆናል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው አልሽ፤ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ የምትችል ልጅ ድሬ ላይ ይህን አታስብም። ድምፄ ቀጭን ነው ላልሽው፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ሬዲዮ ይሻለኛል ወይስ ቴሌቪዥን ላልሽው፣ ሬዲዮ። እዚህ ላይ ገለልተኛ አይደለሁም።

ይቅርብኝ ብትዪ ኃላፊሽ አይቆጡም። ርዕሱን ለሌላ ሰው ይሰጡታል፤ ለአንቺ የስብሰባና የጉብኝት ዜና ይደርስሻል፤ ልምምድሽም በዚያው ያልቃል። ዲግሪ ይዞ ሥራ ፍለጋ የሚመጣ ብዙ ነው። "ይህን ዕቅድ እኔ አወጣሁት፤ ይህንን የያዝኩት፣ ያንን የጣልኩት በዚህ ምክንያት ነው" ብሎ በአንድ ገጽ የሚያሳይ ግን እኔ ጋ ከመጡት ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። ዘገባው ባይተላለፍ እንኳን ገጿን ይዘሽ ትወጫለሽ።

አንድ ነገር ቀረ። ያለ ትብብር ደብዳቤ የትኛውም ትምህርት ቤት በር አይከፍትልሽም። ሰኞ በጠዋቱ አስጽፊ። ከሰዓት በዚያ ሙቀት ማኅተም የሚመታልሽ ሰው አታገኚም።